በሞቴ ባይ የሌለበት ስብሰባ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጋሽ ከተማን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ፤ ሰውየው ከተማ ተብሎ ከተማን ሲጠላ የኖረ ሰው ነው። ካምፓላ ከገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለ ጋራዥ ከከባድ መኪና ሥር ተጋድሞ ባሌስትራ ሲፈታና ሲያስር ይውላል፤ እሑድ ሲሆን ግን ከሚኖርበት ከማኪንድዬ በታክሲ ተነሥቶ፣ ኮረኮንቹን በቦዳ ሞተር ብስክሌት ጨርሶ፣ ርቃ ገጠር ውስጥ ወደምትገኝ ቁራጭ መሬቱ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ አፈሩ ላይ ይቆማል። ሌላ የሚወደው ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ ከልጁ በቀር።

መሬቷን ያገኘው በሚስቱ በኩል ነው። ናልዎጋ የዚያች መንደር ልጅ ነበረች። ታማ ስትሞት ወንድሞቿ «አንተም የእኛው ነህ፣ እረሰው» ብለው ተዉለት። እሱም ጥቂት ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝና ጥቂት ቡና ተክሎ፣ ጉልበቱ የእሑድ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹን አረም እየበላበት ዓመታት አለፉ።

ልጁ ቤርሳቤህ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ዶሮ እርባታ ተምራ ሰርተፊኬቷን ይዛ፣ ሥራ አጥታ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። መሬቷን አረም ከሚበላት እኔ ዶሮ ላርባባት ትላለች። ቤቱን የት እንደምትሠራው፣ በየት በኩል ነፋስ እንደሚገባ፣ ሁሉን በጭንቅላቷ ጨርሳዋለች። የሌላት መነሻው ብቻ ነው። ከአባቷ ደመወዝ ደግሞ የቤት ኪራይና የታክሲ ተከፍሎ የሚተርፍ ቢኖር የሽሮ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ደላላዋ የመጣችው። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። ዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት አለ፣ ቲኬቱን ቢሮው ይችላል፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው አለች። ቤርሳቤህ ሰምታ ማታ ለአባቷ ነገረችው።

«አባዬ፣ መንግሥት ለገበሬ እሰጣለሁ ያለው ድጎማ ከደረሰን እዚሁ እቀራለሁ። ካልደረሰን ግን ሌላ ምን አለኝ?»

ድጎማ ያለችው በዚያ ዓመት ወሬው ሁሉ የሆነውን ነገር ነው። መንግሥት በየመንደሩ ለተመረጡ ገበሬዎች የመነሻ ገንዘብ በስልካቸው ሊልክ ነው፤ ዶሮም ግዙበት፣ አሳማም፣ የቡና ችግኝም ተብሏል። ለሁሉ ስለማይበቃ መንደርተኛው ተሰብስቦ፣ ማን ይቅደም ማን ይቆይ በአደባባይ ይስማማበታል። የቆየ ሰው የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ከተማ ዜግነቱን ካገኘ ዓመታት አልፈዋል፣ መሬቱም አለው፣ ልጁም አለች። ሰማኩላ የሚባለው የመንደሩ ሊቀመንበር አስቀድሞ ደውሎ «ሙዜ፣ አትቅር፣ ስምህን እጠራለሁ» ብሎታል፤ ሙዜ በእነሱ አገር ጋሼ እንደ ማለት ነው። የቀረው ሄዶ መቀመጥ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ሰውየው ያደገበትን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማ የሰላሌ ልጅ ነው። በአባቱ ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ማዕድ ቀርቦ «ብላ» ሲባል፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆም ቢሆን «በልቻለሁ» ይላል። አስተናጋጁ እንዳልበላ ያውቃል። እንግዳውም መታወቁን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ነው፦ «በሞቴ!» «ኧረ ይቅርብኝ!» «አፈር ስሆን!» «ጠግቤያለሁ እኮ!» ሲባባሉ ቆይተው፣ እንግዳው እየተጎተተ መጥቶ ከሁሉ የበለጠ ይበላል። በመጀመሪያው ጥሪ የቀረበ ሰው ስሙ ሆዳም ሆኖ ይቀራል። ደግመው ያልለመኑት ደግሞ ተዋርጄ ወጣሁ ብሎ ዕድሜ ልኩን ቂም ይይዛል። ከተማ በሞያሌ በኩል ሲወጣ ብዙ ነገር ጥሎ ወጥቷል፤ ይህን ግን አልጣለም፤ የሚጣል ነገር መሆኑንም አያውቅም ነበር።

ስብሰባው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ወንዶቹ በፕላስቲክ ወንበር፣ ሴቶቹ በምንጣፍ ተቀምጠዋል። ቤርሳቤህ ከአክስቶቿ ጋር ከኋላ ሆና አባቷን ታያለች። ከተማ ጠዋት የተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ብሎ ተቀምጧል፤ ከፊት መቀመጥ ድፍረት ነዋ። ሰማኩላ ሰው እየጠራ፣ የተጠራውም «አዎ፣ አስገቡኝ» እያለ፣ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ከተማ የሰዎቹን አፍ እያየ በልቡ ታዘበ። እንዴት ሰው እንዲህ በአንዴ አዎ ይላል?

«ሙዜ ከተማ!» አለ ሰማኩላ በእንግሊዝኛ። «አንተንስ እናስገባህ?»

ከወር በላይ ይህችን ጥያቄ ነው ሲጠብቅ የከረመው። ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ኖ፣ ኖ» አለ። «እኔ እንግዳ ነኝ። መጀመሪያ የአገሩ ልጆች ይውሰዱ። ችግረኞች አሉ፣ ባል የሞተባቸው አሉ። እኔ ይቅርብኝ።»

አለና ተቀመጠ፣ ተቀምጦም ጠበቀ። አሁን ሰማኩላ «እንዴት ተደርጎ!» ይላል። አሁን የናልዎጋ ወንድሞች ብድግ ብለው «አማቻችንማ አይቀርም» ይላሉ። አሁን አንዱ ክንዱን ይዞ ያነሣዋል። እሱም ጥቂት ታግሎ እሺ ይላል።

ማንም አልተነሣም። ቀጥሎ ጭብጨባው መጣ። መንደሩ በሙሉ አጨበጨበለት። «ዌባሌ ሰቦ! ዌባሌ ኞ!» እያሉ አመሰገኑት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ናማቶቩ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከምንጣፉ ተነሥታ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች። ሰማኩላም «አገር የሚያቆመው እንዲህ ያለ ሰው ነው» አለና በእሱ ቦታ ናማቶቩን አስገባ። ከዚያም ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ከተማ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ የት እንደሚደረግ ጠፍቶት እንዲሁ ይዞት ተቀመጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ወደ ካምፓላ በሚመለሰው ታክሲ ውስጥ አባትና ልጅ ተጣበው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ለምን እምቢ አልክ?»

«እምቢ አላልኩም።»

«ኖ አልክ እኮ። ያውም ሁለቴ።»

«እሱማ እንደ ወጉ ነው» አለ ከተማ። «እነሱ ደግሞ እንደ ወጋቸው…»

«የእነሱ ወግ ማጨብጨብ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በሚቀጥለው እሑድ ነገሩን ሊያስተካክል ወደ ሰማኩላ ሄደ። ሊቀመንበሩን ያገኘው መንገድ ዳር፣ ከቻፓቲ ጠባሹ አጠገብ፣ ሮሌክስ የሚሉትን እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ ይዞ ሲበላ ነው። ሰማኩላ ደስ ብሎት አፉን ሞልቶ ተቀበለው፤ ያን ቀን የሠራኸውን አገር ሲያወራው ሰነበተ አለው። ከተማ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ስለ መንገዱ ጠየቀ። ስለ ልጁ ትምህርት አነሣ፣ ስለ ዶሮ አነሣ፣ «ያ ያልኩት ነገር… ምናልባት…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

ሰማኩላ ብልህ ሰው ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ገባው። ሮሌክሱን በወረቀቱ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

«ሙዜ፣ መልሱልኝ ነው የምትለኝ? አንድ ቃል በለኝና አሁኑኑ ናማቶቩ ቤት ሄጄ እነግራታለሁ። ብቻ አንተ በል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይል ነበር። ልጁን ከመሄድ የሚያስቀር ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ። ግን የተንበረከከችው ሴትዮ በዓይኑ መጣችበት። ደግሞ በልቡ ሰማኩላ ራሱ ተነሥቶ «አይሆንም፣ መብትህ ነው፣ ና እንሂድ» እንዲለው ነበር የፈለገው።

«ኖ፣ ኖ» አለ። «ይቅር። እንዲሁ ነው ያነሣሁት።»

ሰው እንዲህ ሲያደርግ ማየት ያናድዳል፤ ግን ይሉኝታ አንዴ የያዘውን ሰው በዱላም አይለቀውም።

ሰማኩላ ትከሻውን ነቅንቆ ሮሌክሱን አነሣ። «ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያው አንተ ነህ» አለው። ቀጥሎም እንደ ወዳጅ ሊያስረዳው ፈለገ፦ «ሙዜ፣ እኛ አገር ሰው አይ ካለ እናምነዋለን። ሰውን ማክበር ማለት ይህ ነው። ደጋግመን ብንጠይቅህ ውሸታም ያልንህ አይመስልም?»

ከተማ ይህን ንግግር ማኪንድዬ እስኪደርስ አመነዠከው። እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል እያልኩ ሰው ስመክር ኖሬ፣ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ የሰው አገር ደንብ ሳላውቅ ቀረሁ ብሎ በራሱ አፈረ። ከዛሬ ጀምሮ ቃል ቃል ነው። ሰው አይ ካለ አይ ነው፣ አዎ ካለም አዎ ነው ብሎ ወሰነ። መማሩ ባልከፋ። የተማረበት ጊዜ ግን ከፋ።

በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት ቤርሳቤህ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ማቶኬ እየላጠች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባዬ፣ እንግዲህ እኔ ልሂድ።»

ከእሱ ጋር እንግሊዝኛም ሉጋንዳም መናገር ትችል ነበር፤ ይህን የተናገረችው ግን በአማርኛ ነው። «እንግዲህ ልሂድ» የሚል እንግዳ ምን እንደሚባል ደግሞ የአማርኛ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ምነው፣ ቁጭ በይ፣ የት ትሄጃለሽ ይባላል። በር ላይ ተቁሞ ነጠላ ተይዞ ይጎተታል። ከተማ አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ነገር ግን አዲሱ ትምህርቱ ያዘው። ልጄ አድጋለች፣ ተናግራለች፣ ቃሏን ላክብር አለ።

«ካሰብሽበት እሺ ልጄ። እኔ አልጫንሽም።»

ቢላዋው ልጣጩ ላይ ቆመ። «እሺ?» አለችው።

«እሺ።»

እንደገና መላጥ ጀመረች።

ከጥቂት ቀን በኋላ «ሻንጣ እንኳ የለኝም» አለች። ይህንንም እንደ ቃሉ ወሰደው። ከጋራዡ አስፈቅዶ ኦዊኖ ገበያ ገባና፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ትልቅ ሻንጣ ገዛላት። ባሌስትራ እንደሚፈትሽ በእጁ ተጫን ተጫን አድርጎ፣ ገልብጦ ጎማውን አሽከርክሮ ነው የመረጠው። ቤት ሲገባ ላብ በላብ ሆኖ፣ ግን ደስ ብሎት ነበር። ላልተሳካው ድጎማ ካሣ የከፈላት መስሎት ነበር።

«ጎማው ጠንካራ ነው» አላት።

ቤርሳቤህ ሻንጣውን ቆማ አየችው። አመሰገነችው። ከዚያ መጋረጃዋን ጋርዳ ተኛች፤ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር።

ኤንቴቤ አየር ማረፊያ የደላላዋ ቢሮ የሚላኩትን ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ አሰልፏቸው ነበር። ቤርሳቤህ ከሰልፉ ወጥታ አባቷን አቀፈችው፣ ቶሎም አልለቀቀችው። «አባዬ፣ ልሂድ?» አለችው አንገቱ ሥር። ከተማ ለራሱ እንባ እንዳይመጣበት ሲታገል ስለነበር የጥያቄውን ድምፅ ልብ አላለውም። «በሰላም ግቢ ልጄ» አላት። ሄደች።

መንደሩ ሲሄድ አሁን ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይጨብጠዋል። ናማቶቩ በድጎማው ቄብ ዶሮዎች ገዝታ ኖሮ፣ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ተንበርክካ ሰጠችው። በዚህኛው ጊዜ ኖ አላለም፤ በአንዴ ተቀበለ። እንቁላሎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ በታክሲ እየተንገጫገጨ ማኪንድዬ ድረስ በደህና አመጣቸው። ቤት ሲደርስ የሚጠብስለትም፣ አብሮት የሚበላም አልነበረም። ቆይተው ተበላሹ።

አንድ ቀን ሽሮ ሊገዛ ሜንጎ፣ ራሂማ ሱቅ ሄደ። ራሂማ የወሎ ሴት ናት፤ ናልዎጋ ከሞተች ወዲህ ቤርሳቤህን እንደ ልጇ ያየቻት እሷ ነች። ሽሮውን ሚዛን ላይ እየጨመረች እንዲህ አለችው፦

«ጋሽ ከተማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቀየሙኝም?»

«ጠይቂኝ።»

«ልጅቱን ለምን አላስቀሯትም?»

«ልሂድ አለቻ። ትልቅ ሰው ናት። ቃሏን አከበርኩላት።»

ራሂማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ወላሂ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። በየማታው እዚህች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። 'አንድ ጊዜ አትሂጂ ካለኝ እቀራለሁ፣ ድጎማውም ይቅር፣ ዶሮውም ይቅር፣ አንቺ ጋ ሽሮ እየመዘንኩ እኖራለሁ' ትል ነበር። ልንገረው እኔ ስላት 'አንቺ ነግረሽው ከሆነ ምን ዋጋ አለው፣ ከራሱ አንጀት ይውጣ' ብላ አስማለችኝ። እርስዎ ደግሞ ሻንጣ ገዙላት።»

«ጎማው…» አለ ከተማ፣ ግን አልጨረሰውም።

«አዎ፣ ጎማው። እሱንም ነግራኛለች።»

ከሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ናልዎጋ ስትሞት ያዘነው ሐዘን የእግዜር ሥራ ነበር፣ ተሸክሞት ነበር። ይህኛው ግን የራሱ ሥራ ነው። ልጁን በገዛ እሺታው ሸኛት። ራሂማ ተቆጥታ የጀመረችው ነገር አሳዘናትና ውሃ ሰጠችው፤ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣው ቆየ። ሽሮውንም ረስቶት ሄደ።

ቤርሳቤህ ስልክ የሚፈቀድላት ዓርብ ዓርብ ነው። ያን ዓርብ ከተማ ሥራውን አቁሞ ከጋራዡ ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተመስገን ብሎ ስለ ዝናብ ያወራላት ነበር።

«በሞቴ?» አላት።

«ደህና ነኝ አልኩህ። ምንም አልጎደለብኝም። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።»

«አፈር ስሆን ቤርሳቤህ። በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ።»

የሆነ ዕቃ ሲንኳኳ፣ ሩቅ ሆና የምትጮህ ሴት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ልጁ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረች፣ አፏን በእጇ አፍና።

«ውሰደኝ» አለችው። «አባዬ፣ ና ውሰደኝ።»

ውሉ ሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እመቤት እጅ ነው። የደላላዋ ስልክ ካልሠራ ሰንብቷል። ከተማ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

«እሺ ልጄ» አላት።

«መቼ?» አለችው።